የዓድዋ ዘማች ምን ለብሶ ነበር?

የእርሳስ ወታደሮች፣ የጠረጴዛ ጦርነትና የተዘለለው ድል

የየካቲት 23 በዓል በመጣ ቁጥር በምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዓድዋ ሥዕል እንደገና ዐይን ይስባል። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ፣ በአንድ ወገን አፄ ምኒልክ በጃንጥላ ሥር፣ ዝቅ ብሎ እቴጌ ጣይቱ፣ በሌላው ወገን የጣሊያን ሠራዊት ከነመድፉ። እንጀራው እስኪቀርብ ድረስ ጥቂት ይታያል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ማዕዱ ይዞራል። ይሁን እንጂ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ይዞ የተቀመጠ አባት አንዳንድ ጊዜ ያልጠበቀው ጥያቄ ይገጥመዋል። «አባዬ፣ ያ ሰውዬ ራሱ ላይ ያደረገው ምንድን ነው? ለምን ጫማ የለውም? ጠመንጃውንስ ከየት አመጣው?»

ብዙ አባቶች ስለ ድሉ ትርጉም ለሰዓታት መናገር ይችላሉ። ስለ ውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ፣ ስለ ምኒልክ የክተት አዋጅ፣ ስለ ጥቁር ሕዝብ ኩራት የማያውቅ የለም። ስለ ዘማቹ ልብስ፣ ስለ ጠመንጃው ዓይነትና ስለ ስንቁ ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። የሚገርመው ግን ይኸንኑ ጥያቄ ሌሊት ሳይቀር መጽሐፍ እያገላበጡ የሚመረምሩ ሰዎች በዓለም ላይ መኖራቸው ነው። አብዛኞቹ ኢትዮጵያዊ አይደሉም። ሥራቸውም ጨዋታ ነው።

ጨዋታው ምንድን ነው?

በእንግሊዝና በአሜሪካ «ዋርጌም» እየተባለ የሚጠራው የጦርነት ጨዋታ ከእርሳስና ከቆርቆሮ ቅይጥ ወይም ከፕላስቲክ በተሠሩ ትናንሽ ወታደሮች የሚካሄድ ነው። የታወቀው መጠን 28 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከአውራ ጣት ግማሽ ብዙም አይበልጥም። ከዚህ ያነሱ ባለ 15 እና ባለ 6 ሚሊ ሜትርም አሉ። ተጫዋቹ ወታደሮቹን ገዝቶ አንድ በአንድ ቀለም ይቀባል፤ ጠረጴዛው ላይ ተራራውንና ሸለቆውን ይሠራል፤ ከዚያ በሜትር እየለካና ሉዶ የተጫወተ ሁሉ የሚያውቀውን ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ እየጣለ ከባላጋራው ጋር ይዋጋል።

አመጣጡ ከልጆች መጫወቻ አይደለም። ፕሩሲያዊው መኮንን ፎን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1824 የጨዋታ ደንብ አሳትሞ የአገሩ ጦር መኮንኖች የውጊያን ዘዴ እንዲማሩበት አድርጓል። ጨዋታውን ወደ ተራው ሰው ቤት ያስገባው ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ሲሆን፣ «ትናንሽ ጦርነቶች» የሚል ትርጉም ያለውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1913 አወጣ። የቅኝ ግዛት ዘመን ጦርነቶችን ለሚጫወቱ ሰዎች ዋናው መመሪያ ሆኖ የኖረው የአሜሪካዊው ላሪ ብሮም ደንብ «ዘ ሶርድ ኤንድ ዘ ፍሌም» የታተመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው።

ነገሩ ለሐበሻም እንግዳ አይደለም። የድሮ መኳንንት ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። በዚያ ጨዋታ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሱበት የመጀመሪያው ክፍል ስሙ «ወረራ» ነው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እያንዳንዱ ባላጋራው ምን እንዳሰበ በዐይኑ እየተከታተለ ያሰልፋል። መኳንንቱ ጦርነትን በጠረጴዛ ላይ ማሰብ ያውቁበት ነበር ማለት ነው።

ዳላስ የእርሳስ ወታደር አገር

ይህ ሙያ ከዳላስና ከፎርት ወርዝ አካባቢ ጋር የቆየ ዝምድና እንዳለው ብዙ ሰው አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ሄሪቴጅ ሞዴልስ የተባለው ኩባንያ እዚሁ ዳላስ ውስጥ ሆኖ የእርሳስ ወታደሮችን እያቀለጠ በመላው አሜሪካ ይሸጥ ነበር። በሙያው «አጎቴ ዱክ» እየተባለ የሚታወቀው ቀራጺ ዱክ ሳይፍሪድ ከኩባንያው መሪዎች አንዱ ነበር። ሄሪቴጅ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተዘጋ። ዛሬ ደግሞ ከዳላስ በ35ኛው አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ሲሄዱ ዴንተን ውስጥ ሪፐር ሚኒያቸርስ የተባለው ፋብሪካ ይገኛል። ሪፐር በአመዛኙ የሚሠራው የተረት ጀግኖችንና ዘንዶዎችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አዲስ የፕላስቲክ ምስሎቹን ለማውጣት ከሕዝብ በሰበሰበው መዋጮ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማግኘቱ ሙያው ምን ያህል ወዳጅ እንዳለው ያሳያል።

እንግዲህ በጋርላንድ ወይም በሪቻርድሰን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቀለሙን፣ ብሩሹንና ዳይሱን ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ ያገኛል። ችግሩ የሚመጣው የዓድዋን ዘማች ሲፈልግ ነው።

ዓድዋ ለምን ተዘለለ?

የቅኝ ግዛት ዘመን ወታደሮችን ከሚሠሩት መካከል ብዙዎቹና ስመ ጥሮቹ እንግሊዞች ናቸው። በተለይ የኖቲንግሃም ከተማ የሙያው መናኸሪያ ናት። ስለዚህ ገበያውን የሞሉት እንግሊዝ የተዋጋቻቸው ጦርነቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. የ1879ኙ የዙሉ ጦርነትና የ1880ዎቹ የሱዳን መሐዲስቶች ጦርነት ምስል በየዓይነቱ ይገኛል። «ዙሉ» የተባለው እ.ኤ.አ. የ1964ቱ ፊልም ደግሞ ለዚህ ፍቅር ትልቅ ነዳጅ ሆኗል። ዓድዋ ላይ የተሸነፈው ጣሊያን በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ከዳር ቆይቷል። ምስሉን ያጣ ተጫዋች የሱዳን ወይም የዙሉ ወታደር ገዝቶ ልብሱን በቀለም እየለወጠ «ይህ ሐበሻ ነው» ማለቱ የተለመደ ነበር።

ከምስሉ ይልቅ የከፋው ግን ደንቡ ነው። ለቅኝ ግዛት ዘመን ጦርነት የተጻፉ ብዙ ደንቦች አውሮፓዊውን ወታደር ተሰልፎ የሚተኩስ፣ የአገሬውን ሰው ደግሞ ጦር ይዞ ተንጋግቶ የሚሮጥ አድርገው ይነሳሉ። ጠመንጃ ቢኖረውም ማነጣጠር አይችልም ተብሎ ይቆጠርበታል። በዚህ ደንብ ዓድዋን የሚጫወት ሰው የሚያየው ጭፍን ብዛት ጥቂቶችን ሲውጥ ብቻ ነው። ጣሊያኖች ከሽንፈታቸው በኋላ ለራሳቸው የተናገሩትም ይኸንኑ ነበር።

እውነቱ ሌላ ነው። ዓድዋ ላይ ከተሰለፈውና ወደ 100,000 ይደርሳል ተብሎ ከሚገመተው የኢትዮጵያ ሠራዊት አብዛኛው ጠመንጃ የታጠቀ ነበር። ከፈረንሳይ የመጣው ግራ ጠመንጃ በሐበሻ አፍ «ውጅግራ» ሆኗል፤ ስናይደርም «ስናድር» ተብሏል። ረሚንግተን ነበር፤ ከአምባላጌ የተማረከ የጣሊያን ቬተርሊ ነበር። በወዳጅነቱ ዘመን ጣሊያን ራሷ የሰጠችውም ከዚያው ውስጥ ይቆጠራል። በጅሮንድ ባልቻና ሊቀ መኳስ አባተ የሚያዝዟቸው ፈጣን ሆችኪስ መድፎች ከጣሊያን የተራራ መድፎች ጋር ተታኩሰዋል። ምኒልክ መሣሪያውን የሰበሰቡት በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና በቡና ንግድ፣ በብዙ ዓመት ትዕግሥት ነው። ዘማቹን ጦር ብቻ አስይዞ ጠረጴዛ ላይ ማቆም ይህን ሁሉ ልፋት መሰረዝ ይሆናል።

ከራስ እስከ እግር

ታዲያ ትክክለኛው የዓድዋ ዘማች ምን ይመስላል? ቀለም ይዞ የተቀመጠ ሰው መልሱን በዝርዝር ማወቅ አለበት።

ተራው ዘማች ጠበብ ያለ ሱሪ፣ እጀ ጠባብና ሸማ ለብሷል፤ በወገቡ ዝናር ታጥቋል፤ እግሩ ባዶ ነው። ሸማው ነጭ ነው ቢባልም ጀማሪ ቀቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሳው ዘማች ከጥቅምት እስከ የካቲት 1888 ዓ.ም. ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በእግሩ ተጉዟል። በአቧራ ላይ ተኝቷል፤ ጢስ ለብሷል። ሸማው የበዓል ሸማ ሊመስል አይችልም፤ አፈር የመሰለ ቀለም ይገባዋል።

ጎራዴው በቀኝ ጎን ይንጠለጠላል። አውሮፓዊ ቀራጺ እንደ አገሩ ልማድ በግራ ካደረገው ምስሉ ስህተት ነው። ጋሻ ሁሉም አይዝም፤ በብር ያጌጠ ጋሻ የያዘ ደግሞ ባለ ማዕረግ ነው። ሥዕሉ ላይ ልጁን ያስገረመው የራስ ላይ ነገር ጎፈር ነው፤ ከአንበሳ ጋማ ተሠርቶ ጀግንነቱ የተመሰከረለት ሰው የሚያደርገው። በትከሻ ላይ የሚጣለው ለምድም እንዲሁ የማዕረግና የሙያ ምልክት ነው። ስለዚህ ሠራዊቱን በሙሉ ጎፈር አልብሶ ማቆም ሻምበሉን በሙሉ ጄኔራል አድርጎ እንደ መሾም ይቆጠራል።

ሰንደቅ ዓላማውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በአንድ ጨርቅ ላይ ተሰፍተው የአገር ምልክት የሆኑት ከዓድዋ በኋላ በ1890 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ቀለማቱ ለየብቻ እንደ ረጅም ጥብጣብ ይውለበለቡ ነበር።

በጣሊያን በኩል ነጩ ወታደር በካኪ ልብስና በፀሐይ ባርኔጣ ይታወቃል። በርሳልየሪ የተባሉት በባርኔጣቸው ላይ ጥቁር የአውራ ዶሮ ላባ ይሰካሉ። ጥቁሩ አስካሪ ደግሞ ነጭ ልብስ ለብሶ ቀይ ታርቡሽ አድርጓል፤ የየትኛው ሻለቃ መሆኑን የመቀነቱና የዘርፉ ቀለም ይናገራል።

ከሁሉ በላይ የሚረሱት ግን ውጊያ ላይ ያልተኮሱት ናቸው። ውሃ የተሸከሙ ሴቶች፣ በሶና ቆሎ የጫኑ አህዮችና በቅሎዎች፣ ነጋሪት መቺዎች፣ ቁስለኛ የሚያነሱ፣ ታቦት ያጀቡ ካህናት። እቴጌ ጣይቱ በመቀሌ ምሽግ የነበረውን የጣሊያን ጦር ምንጩን አስይዘው በውሃ ጥም ያስለቀቁ፣ በዓድዋ ዕለትም ሴቶቹን ለተዋጊው ውሃ እንዲያቀርቡ ያሰማሩ ናቸው። ያለ እነዚህ የተሠራ ጠረጴዛ ግማሽ ነው።

ማስረጃው ከየት ይገኛል?

ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል የመጀመሪያው ማስረጃ ነው፤ ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። ብዙዎቹ የዓድዋ ሥዕሎች ከጦርነቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ የተሣሉ ስለሆነ ሠዓሊው የራሱን ዘመን ልብስ ሊያለብስ ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድም አለ፤ ወዳጅ በሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት፣ ጠላት በአንድ ዐይኑ በጎን ይሣላል።

ከመጻሕፍት የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ «ታሪክ ዘመን ዘዳግማዊ ምኒልክ» የጉዞውንና የሰፈሩን ሁኔታ ያሳያል። በልጅነታቸው ከራስ መኮንን ጋር ዓድዋ የነበሩት የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። ከውጊያው በኋላ ብዙም ሳይቆይ አገሩን ያየው እንግሊዛዊው ኦገስተስ ዋይልድ እ.ኤ.አ. በ1901 መጽሐፍ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ሁለት ጠቃሚ መጻሕፍት ወጥተዋል። አንደኛው የሬይመንድ ጆናስ የዓድዋ ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው የሾን ማክላክላን የሁለቱን ወገን ልብስና መሣሪያ በቀለም ሥዕል የሚያሳይ ትንሽ መጽሐፍ ነው። በዳላስ መሐል ከተማ ያለው የጄ. ኤሪክ ጆንሰን ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት በመደርደሪያው ላይ የሌለውን መጽሐፍ ከሌላ ከተማ አስመጥቶ ያውሳል። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰውም ፒያሳ ላይ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቢጎበኝ ይጠቀማል።

የኖቲንግሃሙ ቀራጺ የሌለው አንድ ማስረጃ ግን እዚህ በየቤቱ አለ። የአባቷን ለምድና ጎራዴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያየች ያደገች አያት፣ ከሻንጣ ሥር የተቀመጠ የቅድመ አያት ፎቶግራፍ፣ ዝናር እንዴት እንደሚታጠቁና ሸማ ለጦርነት እንዴት እንደሚደገደግ የሚያውቁ ሽማግሌ። «እማማ፣ ያኔ ሸማውን እንዴት ነበር የሚታጠቁት?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። ዕድሜ ግን አይጠብቅም።

በተቃራኒው የቆሙት ወንድሞች

የዓድዋን ጠረጴዛ የሚዘረጋ ኢትዮጵያዊ አንድ ከባድ ነገር ይጋፈጣል። ጣሊያን ካሰለፈቻቸው አራት ብርጌዶች መካከል በአልበርቶኔ የሚመራውና 4,000 ያህል ጠመንጃ ያዥ የነበረው ብርጌድ በአመዛኙ የአስካሪዎች ነበር። አብዛኞቹም የኤርትራ ልጆች ነበሩ። በጠዋቱ ውጊያ አጥብቀው የተዋጉትና ብዙ ሰው የጨረሱት፣ ያለቁትም እነሱ ናቸው። ከድሉ በኋላ ወደ 800 የሚሆኑ ምርኮኛ አስካሪዎች እንደ ከዳተኛ ተቆጥረው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። የነጮቹ ምርኮኞች ዕጣ ከዚህ የተሻለ ነበር።

ይህን ታሪክ በበዓል ቀን የሚያነሳው ጥቂት ነው። ዳላስ ውስጥ የሁለቱ ወገን የልጅ ልጆች በአንድ ምግብ ቤት፣ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ቀይ ታርቡሽ ያደረገውን ምስል በእጁ ይዞ ቀለም የሚቀባ ሰው ግን ፊቱን ሳይቀባ ማለፍ አይችልም። ያ ፊት ደግሞ በጠረጴዛው ማዶ ከቆመው ዘማች ፊት ጋር በአንድ ቀለም የሚቀባ ነው። ከአጋሜ ራስ ስብሐት መጀመሪያ ከጣሊያን ጋር ሆነው በየካቲት 1888 ዓ.ም. ወደ ወገናቸው መመለሳቸውም መስመሩ ምን ያህል ቀጭን እንደነበር ያስታውሳል።

ጣሊያን ቢያሸንፍስ?

ብዙ ኢትዮጵያዊ ስለዚህ ጨዋታ ሲሰማ ፈጥኖ የሚያነሳው ተቃውሞ ይህ ነው። በአባቶች ደም የተገኘን ድል በዳይስ መጣል ይገባል ወይ? አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ባራቲዬሪ ቢያሸንፍስ?

ተቃውሞው ክብር ያለው ነው። መልሱ ግን ታሪኩ ውስጥ አለ። በየካቲት መጨረሻ ሁለቱም ሠራዊት ስንቅ እያለቀበት ነበር። ምኒልክ ብዙ ቀን ዓድዋ ላይ መቆየት አይችሉም ነበር። ባራቲዬሪም ወደ ኋላ ማፈግፈግ አስቦ ነበር፤ የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ የስድብ ያህል ቴሌግራምና የጄኔራሎቹ ግፊት ወደ ፊት ገፋው። እነ ባሻ አውአሎም የጣሊያንን ዝግጅት ለኢትዮጵያ ወገን ያደርሱ ነበር። በየካቲት 22 ሌሊት አራቱ ብርጌዶች ሲንቀሳቀሱ አልበርቶኔ በተሳሳተ ካርታ ተመርቶ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ ፍለጋ ከሌሎቹ ርቆ ሄደ። ዳቦርሚዳም ተነጥሎ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባ፤ እዚያም የራስ ሚካኤል ፈረሰኞችን ጨምሮ ብዙ ጦር ወረደበት።

ባራቲዬሪ ጥቂት ቀናት ቢታገሥስ? ካርታው ትክክል ቢሆንስ? ራስ መንገሻ፣ ራስ አሉላና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቆየ ቂማቸውን ይዘው ቢቀሩስ? ጠረጴዛው እነዚህን ጥያቄዎች ያስነሳል። ኢትዮጵያ ልትሸነፍ የማትችልበት ጨዋታ ማንንም አያስተምርም። ድሉ ከሰማይ የወረደ እንዳልሆነ፣ በስንቅ፣ በስለላ፣ በዕርቅና በትዕግሥት የተሠራ እንደሆነ የሚታወቀው ሊያመልጥ ይችል እንደነበር ሲታይ ነው። ፊታውራሪ ገበየሁ መሞታቸው የሚከብደውም ስለዚህ ነው፤ ውጤቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

መጀመር ለሚሻ

ሙሉውን ዓድዋ መሥራት ከባድ ነው። አንድ ምስል 50 ሰው ይወክላል ቢባል ለጣሊያን 290 ያህል፣ ለኢትዮጵያ 2,000 ምስል ያስፈልጋል። ባለ 28 ሚሊ ሜትር የብረት ምስል አንዱ ሁለት ሦስት ዶላር ስለሚያወጣ ዋጋው የመኪና ያህል ይሆናል። ስለዚህ አዋቂዎች አንድ ክፍል ብቻ ይመርጣሉ። ማርያም ሸዊቶ ጥሩ መነሻ ነው። የዳቦርሚዳ 3,800 ጠመንጃ ያዦች በዚያው ስሌት 76 ምስል ይሆናሉ። ከዚያም ያነሰ አቅም ያለው ባለ 15 ሚሊ ሜትሩን ይግዛ፤ ወይም ቤቱ ስሪ ዲ ፕሪንተር ያለው ጎረምሳ ጎፈር ያደረገ ዘማች፣ እንስራ ያዘለች ሴት ራሱ ቀርጾ ያትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ድሮ የተሠሩ ምስሎች ብዙ እርሳስ ስላለባቸው ሕፃን አፉ ውስጥ እንዳይከት፣ የሞረደ ሰውም ሳይታጠብ እጁን ወደ እንጀራ እንዳይሰድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ዘማች ተቀብቶ ሲደርቅ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ነገር ግን ያን ለመቀባት አባትና ልጅ የጎፈርን ትርጉም፣ የውጅግራን ስም፣ የመቀሌን ምንጭ አብረው ፈልገዋል። በሚቀጥለው የካቲት 23 ምግብ ቤቱ ውስጥ ሲቀመጡ፣ እንጀራው እስኪቀርብ ድረስ ሥዕሉን የሚያስረዳው አባት ላይሆን ይችላል።